ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ንባብ

አንባቢዬ፣ ልጆች ለምን ንባብ እንደሚጠሉ ያውቃሉ? መምህርት ነኝና ላስረዳዎ። ጥፋቱ ሁሉ የስልክ ነው ይባላል። እኔ ግን እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ ከተማ ውስጥ መጽሐፍን ከልክ በላይ የሚያከብሩ አባት አግኝቻለሁ።

ጋሽ ደሴ በአቅራቢያችን ቤኤር ቱቪያ በሚባል ቦታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ለልጃቸው ለተማሪዬ ለተሂላ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ገዝተው፣ እንዳይቆሽሹ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን ቡፌ ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። ተሂላ ከመስተዋቱ ውጭ ቆማ አርእስቶቹን በቃሏ ይዛለች። ይህም ንባብ ከተባለ አንባቢ ናት።

ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ጋሽ ደሴ አማረሩ። «የዛሬ ልጆች የት ያነባሉ ልጄ! ስልክ ብቻ!»

ተሂላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሞራ፣ የዓሣ ነባሪውን መጽሐፍ ጠይቂልኝ። አንቺን እምቢ አይልሽም» አለችኝ። ሞራ በዕብራይስጥ መምህርት ማለት ነው።

መጽሐፉን ለክፍሌ ልጆች እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። እንግዳ መቼ ይከለከላል? «ቤሰደር፣ እሺ፣ ለአንቺ ስል ነው። ልጅ ካነበበው ግን አለቀለት» ብለው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

በማግስቱ ተሂላ እጇን በሳሙና ታጥባ መጽሐፉን ገለጠች። የእረፍት ደወል ተደውሎ ጓደኞቿ ሲሮጡ እንኳ ቀና አላለችም። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

መጽሐፉን ስመልስ ጋሽ ደሴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሁሉ መስኮት ሥር መረመሩ።

«አየሽ ልጄ?» አሉኝ ቡፌውን እየቆለፉ። «አንድ እድፍ የለበትም። ልጆች አያነቡም አላልኩሽም?»