በእንሰት ቅጠል ላይ የተደረገ ምርመራ

ፍርሃት ሙያ ቢሆን ኖሮ እኔ ይሄኔ ከነማዕረጌ ጡረታ በወጣሁ ነበር። ሚኒባስ ስሳፈር የበሩን መዘጋት ደጋግሜ የማረጋግጥ፣ ሙዝ ስበላ ልጣጩን ኪሴ ከትቼ ቤት የምወስድ ሰው ነኝ፤ ማን እንደሚረግጠው ምን ይታወቃል? እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ትስቁበታላችሁ። ዝናቡ ሲመጣ ግን ጃንጥላ ፍለጋ ወደ እሱ ነው የምትሮጡት።

ባለፈው ክረምት ይኸው ፍርሃቴ ሥራ አስገኘልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጉኑኖ አጠገብ ለልጆች የክረምት ካምፕ ሲያዘጋጁ ጠንቃቃ ሰው ፈለጉ፤ ሶዶ ውስጥ ጠንቃቃ ሲባል ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ልጄ ልትሆን የምትችለው ኃላፊዋ፣ መምህርት ትዕግሥት፣ "ጋሽ ዳና፣ የልጆቹ ደህንነት በእርስዎ እጅ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ከየት አባቱ ይምጣ!

ካምፑ ውስጥ ከሶዶ የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች አሉ፤ አማርኛቸው እንደ ሬዲዮ ነው። የጉኑኖዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛቸው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ሁለቱን ያወዳጃቸው ከካምፑ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ነው። ዝናብ ሲያርሰው የእንሰት ቅጠል ከነዘንጉ ያነጥፋሉ፣ ይቀመጡበታል፣ ሽው! ታች የጎደሬው ማሳ ዳር ሲደርሱ ይቆማሉ። እኔ አናቱ ላይ ሆኜ፣ "ቀስ! እግርህን ሰብስብ! አንቺ፣ ጥርስሽን!" እላለሁ። ጥርስ እንዴት እንደሚሰበሰብ አላስረዳኋቸውም።

በመጨረሻ ትዕግሥትን "ይከልከል" አልኳት።

"ሞክረውት ያውቃሉ?" አለችኝ ፈገግ ብላ።

ነገሩ ከነከነኝ። ጠንቃቃ ሰው ሳይመረምር አይፈርድም። በማግስቱ ያልተሰነጠቀ ሰፊ ቅጠል መረጥኩ፣ ካፖርቴን ቆለፍኩ፣ መነጽሬን ለልጆቹ ሰጠሁ፣ ጸለይኩ። ለምርመራ ያህል ትንሽ ብቻ ፈቀቅ ልል ነበር።

ቁልቁለቱ ግን ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ስነሳ የጮህኩት በፍርሃት ነው፤ መሃል ላይ ስደርስ ጩኸቱ ሳቅ ሆኗል። ዳር ላይ መቆም ሲገባኝ አልፌ ጎደሬው ውስጥ ተዘረጋሁ።

"ጋሼ ወደቀች!" ብላ ጮኸች አንዷ የጉኑኖ ልጅ።

"ወደቀች አይባልም! ወደቁ ነው የሚባለው!" አለ የሶዶው።

"አንድ ሰው ናት እኮ! ወደቁ እንዴት ይሆናል?"

እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ደመናውን እያየሁ ፍርዱን ጠበቅሁ። የሚያነሳኝ የለም፤ ሰዋስው ይቀድማል።

ትዕግሥት እያለከለከች ደረሰች። "አባቴ! ተጎዱ?"

"አንዴ ልድገመው?" አልኳት።

ክው አለች። "በቃ! ጋሽ ዳና ትክክል ነበሩ። መንሸራተት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል!"

ልጆቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። ትናንት የለመንኩት ክልከላ፣ የመንሸራተትን ጣዕም ካወቅሁ በኋላ ይምጣ? ከጭቃው ተነሳሁና ለቁልቁለቱ ጠበቃ ቆምኩ። "እሱ ምን አደረገ? ጥፋቱ የክብደቴ ነው። ልጅ ቀላል ነው፣ ዳር ላይ ይቆማል። ለማንኛውም እዚያ ጋ ሳር ይከመርበት፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሳይሆን አንድ በአንድ ይውረዱ።"

"እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉት?"

"አዎ። አሁን ባለሙያ ነኝ።"

ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም። "እሺ፣ ሳሩ ይከመርና ልጆቹ ይንሸራተቱ። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ግን ክልክል ነው።"

ልጆቹ በእልልታ ወደ አናቱ ሮጡ። እኔ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ በካምፑ ውስጥ ስልሳ ያለፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕጉን የሚያስከብረውም ያው ሰው ነው። ልጆቹን መጠበቅ ከዚያ ወዲያ ቀላል ሆነልኝ። ያስቸገረኝ፣ ወደ እንሰቱ ቅጠል በተጠጋሁ ቁጥር፣ እኔን መጠበቅ ነው።