ጋሼ እኔ ብሆን እና የሱፍ አበባው

“እኔ ብሆን ኖሮ” አሉ የአታሚዋ አጎት፣ አውራ ጣታቸውን ገና ያልደረቀው ቢጫ ቀለም ላይ ጫን አድርገው፣ “ይህን ትንሽ አቀጥነው ነበር።”

ጣታቸውን ሲያነሱ ቢጫውም አብሮ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ የቀረው የሱፍ አበባ ሳይሆን የጡረተኛ ቀያሽ የጣት አሻራ ነበር። አታሚዋ ወረቀቱን ጨምድዳ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። አሥራ ስድስት የነበረው ህትመት አሥራ አምስት ሆነ።

“ወረቀት አባካኝ ነሽ” አሉ አጎቷ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት የለም። ቤት ውስጥ ከሌለ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ፤ እዚያም ካጣችሁት ጠብቁ፣ እየመጣ ነው። ራሱ የጀመረው ነገር የለም፤ ሌላው የጀመረውን ሳያርም ካለፈ ግን ምግብ አይረጋለትም። የዚህኛውን ቤት ክቡርነታቸውን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ “ጋሼ እኔ ብሆን” ይላቸዋል፤ ከጀርባቸው ማለት ነው። ፊት ለፊት “ጋሼ” ብቻ ናቸው።

ነርሷን የመርፌ አያያዝ አስተምረዋታል፤ ያውም በመርፌው እየተወጉ። የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን አስረክቧቸው ሻይ ልጠጣ ብሎ እንደወጣ በዚያው ቀርቷል። በገዛ ወንድማቸው፣ በአታሚዋ አባት ቀብር ላይ ደግሞ ሣጥኑ ሊወርድ ሲል እጃቸውን አንሥተው “ቆይ፣ ጉድጓዱ ወደ ግራ ሁለት ጣት ዘሟል” ብለው ለቀስተኛውን ፀሐይ ላይ ገትረውታል። ቆፋሪው ተናዶ ለካው። በእርግጥም ሁለት ጣት ዘሞ ነበር። ከሁሉም የሚያናድደው ይህ ነው።

አታሚዋ ጧት ጧት ጥርስ ሐኪም ቤት ለታካሚዎች ቀጠሮ እየያዘች ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ አባቷ ለእሷና ለአጎቷ በጋራ ባወረሱት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የወለል ንጣፍ በሆነው ሊኖሌም ላይ አበባ ቀርጻ ወረቀት ላይ ታትማለች። ጋሼ ሥራውን ያዩት ዕለት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ “ወለል ላይ የሚነጠፍ ነገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከመቼ ወዲህ ነው?”

ስድስት ዓመት ሙሉ ለከተማው ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ሥራ ስታስገባ ስድስት ዓመት ሙሉ መልሰውባታል። ዘንድሮ ንድፏን ተቀበሉ። ቅድመ ሁኔታው ከአንድ የተቀረጸ ሰሌዳ የወጡ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ቢያንስ አሥር ህትመቶችን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ማስረከብ ነው። ዘጠኝ ከሆነ አይቆጠርም።

ሥራው ምሕረት የለውም። ሰሌዳው አንድ ነው፣ ቀለሙ ሦስት። መጀመሪያ ሁሉም ወረቀት ላይ ቢጫውን ታትሚያለሽ፤ ከዚያ ያንኑ ሰሌዳ ትቀርጪና ቀዩን በላዩ ትደርቢያለሽ፤ ከዚያ ደግመሽ ትቀርጪና ቡናማውን። የተቀረጸው ቦታ ቀለም አይነካውም፤ የሚታተመው ሳይቀረጽ የቀረው ነው። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ማክሰኞ ቀዩ አለቀ። ለቡናማው ስትቀርጽ የአበባውን መሐል፣ ያንን ትልቅ ክብ፣ ሳትነካው ተወችው፤ የአበባው ጥቁረት ያለው እዚያ ነዋ። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ጋሼ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ መቅረጫዋ እጃቸው ውስጥ፣ የሊኖሌም ፍቅፋቂ ጭናቸው ላይ።

“መሐሉን ረስተሽው ነበር” አሉ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። “ጨረስኩልሽ።”

ጠጋ ብላ አየችው። እንብርቱ ጉድጓድ ሆኗል። ሐቁን ለመናገር፣ በኮምፓስ የተለካ የሚመስል ክብ ጉድጓድ ነበር።

“አንተ” አለቻቸው። በሠላሳ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። “መቅረጫውን አስቀምጥና ውጣ።”

“አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው እንዲህ...”

“ላንተ። በአባቴ ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንኳ አፍህን ላልያዝከው። ስድስት ዓመት ነው የለፋሁት። ውጣልኝ።”

ጋሼ መቅረጫውን አስቀመጡ። ፍቅፋቂውን ከጭናቸው ላይ ወለሉ ላይ አራገፉና ወጡ።

እሷም እልህ ይዟት ሥራ ጀመረች። ጉድጓዱን ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ቆርጣ አወጣችው፤ ከአዲስ ሊኖሌም ልክክ የሚል ቁራጭ አዘጋጅታ ከሥር በፕላስተር ያዘችው። ቡናማ ቀብታ ውዳቂ ወረቀት ላይ ሞከረች። መሐሉ ገርጥቶ ወጣ፤ ቁራጩ የፀጉር ያህል ዝቅ ብሏል። ከሥሩ ወረቀት አስገባችበት። አሁን ደግሞ ከፍ አለና ዙሪያው ያለው የአበባ ቅጠል ሳይታተም ቀረ። ሐሙስም ያው። በአጎቷ ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች፣ በአባቷም ተናደደች፤ አንድን ቤት ለሁለት ማውረስ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?

ከግድግዳው ወዲያ የጋሼ ክፍል ነው። ሬዲዮው ዜና ያነባል፣ አንባቢውን የሚያርመው ግን ጠፍቷል። ይህም አናደዳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

“ጋሼ።”

“አቤት።”

“ሳልደግፈው ይሰምጣል፣ ስደግፈው ይነሣል። ይዩልኝ።”

መጡ። የብረት ማስመሪያቸውን ሰሌዳው ላይ በጠርዙ አቁመው፣ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ከጋዜጣ ጠርዝ ትንንሽ ቁራጭ ቀደዱ፤ ከተተካው ሊኖሌም ሥር፣ ታች በቀኝ ሁለት፣ ላይ በግራ አንድ አስገቡ። ማስመሪያውን መልሰው አሳረፉ። በሥሩ ብርሃን አላለፈም።

“ሙጫ” አሉ። አቀበለቻቸው።

ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሮለሩን ቡናማው ላይ ስታንከባልል የጋሼ አፍ ተከፈተ። ቀና ብላ አየቻቸው። ተዘጋ። የአንገታቸው ሥር ተገታትሯል።

“ይናገሩት እንጂ፣ ሊፈነዱ ነው።”

“ምን አልኩ?”

“ቀለሙ በዝቷል ሊሉ ነው።”

“እኔ ምን አገባኝ።”

እልኸኛ ናትና ቀጠለች። ቀለሙ በዝቶ ነበር። በመጀመሪያው ወረቀት ቀጫጭኑ መስመር ሁሉ ሰጠመ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም። ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው መሐል ቆልፈው ግድግዳ ያያሉ። አራተኛውን ከሰሌዳው ላይ ስትገልጥ፣ እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ በተናገሩ ብላ ስትመኝ ራሷን አገኘችው። በንዴት ቢላ አንሥታ ቀለሙን ከተዘረጋበት መስተዋት ላይ መፋቅ ጀመረች።

“ምን ያህል ልቀንስ?” አለች፣ ሳትዞር።

“ግማሹን” አሉ ጋሼ፣ ጥያቄዋን ሳያስጨርሱ።

ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት አሥራ አንድ ህትመት አስረከበች። ከአሥራ አምስቱ አራቱን ያበላሸችው ራሷ ናት።