በሁዳዴ የመጣ ቡችላ

ሚስት ልታገባ ስትል ዘር ይጠናል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀን ይቆረጣል። ቡችላ ልታመጣ ስትል ግን «ቆይ እስቲ» የሚልህ የለም። እኔን ብትጠይቀኝ ነገሩ መገላበጥ ነበረበት። በሚስት ብትሳሳት ችግሩ የቤትህ ነው፤ በቡችላ ስትሳሳት ቀበሌ ይሰበሰብብሃል!

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን የተማሪዬ አባት፣ የማንኩሳው ገበሬ አያ ደሴ፣ ቡችላ በጋቢያቸው አቅፈው ከተፍ አሉ። የሁዳዴ ጾም ከገባ ገና ሳምንቱ ነበር። ባለቤቴ የሻረግ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። ውሻ ጠልታ አይደለም፤ በጾም ከቤታችን የሚተርፈው ሽሮ ብቻ ስለሆነ ነው። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን፦ እስከሚቀጥለው ገበያ ይሞከራል፤ በቤታችን ላይ ወሬ ካመጣ ግን አያ ደሴ መልሰው ይወስዱታል። እኔ ግን ቡችላው ገና እጄን ሲልሰኝ ተሸንፌ ነበር።

ሽሮውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ጎመኑንም እንደዚያው። ሲያላዝን አላስችል አለኝና ላም ካላቸው ጎረቤቶች በጣሳ ወተት አስቀድቼ፣ ጋቢዬን ደርቤበት ወደ ቤቴ ገሰገስኩ። አየህ ስህተቴን? ጉድ ያደረገኝ ጋቢው ነው! በግልጽ ብይዘው ማን ልብ ይለው ነበር? በሁዳዴ ወተት ደብቆ የሚሮጥ አስተማሪ ግን... «ለቡችላ ነው» ብልስ ማን ያምነኛል? በእኛ አገር ለውሻ ወተት የሚገዛ ሰው ገና አልተወለደም።

በማግስቱ ወሬው የደረሳቸው የንስሐ አባታችን መጡ። ተቀመጡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፣ ስለ ደመወዝ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አሞህ ከሆነ ንገረኝ፤ ለታመመ ይፈቀዳል» አሉኝ።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ደግሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በፈገግታ እጄን ጨበጠኝ። ከኋላ ቀር ልማድ መላቀቄን ሰምቶ ኮርቶብኛል። እሑድ ስብሰባ ላይ ቆሜ ተሞክሮዬን ለሰፊው ሕዝብ እንዳካፍል ወስኗል።

አስበው እንግዲህ! ጾሜን ገደፍኩ ብል ከተማው ሰላምታ ይነፍገኛል። እየጾምኩ ነው ብል ደግሞ ሊቀመንበሩ ምን ስም እንደሚያወጣልኝ፣ በዚያ ዘመን የነበርክ ታውቀዋለህ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። የሻረግ «ቡችላው ይመለስ» አለችና ዘጋችኝ።

እሑድ ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ቡችላውን ከጋቢዬ ውስጥ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በቤታችን ከልማዱ የተላቀቀው እሱ ብቻ ነው» አልኩ።

ቡችላው ቀዩን የጠረጴዛ ልብስ አሸተተ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ቁጢጥ አለና... አረጠበው። መጀመሪያ ከኋላ አንዲት ሴትዮ በሳቅ ፍርፍር አሉ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ሊቀመንበሩ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ጠረጴዛ ልብሱን አጥቦ እንዲመልስ የተወሰነበትም እኔው ነኝ።

የገበያው ቀን ደረሰና አያ ደሴ መጡ። ወሬ ከመጣ ይመለሳል ብለናል፤ ወሬውም መጥቷል። ቡችላውን ላስረክብ ስል የሻረግ በሩ ላይ ቆመች።

«አያ ደሴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አይሄድም» አለች። «እሱ ከሄደ ወተቱን ማን ጠጣው ሊባል ነው?»

ቀረ። ፋሲካ አልፎ እኛም ወተት ማስቀዳት ጀመርን። ጣሳው ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ በግልጽ ይዤ ነበር የማልፈው። ጎረቤቱ ግን ሁለቱን ጣሳ ባየ ቁጥር ከንፈሩን እየመጠጠ ያዝንልኝ ነበር።

«አይ መምህር፣ ያ ውሻ ጨረሰዎ እኮ!»