«ባለጉዳዩ ይጠራ!»

ሐሜት የሌለበት ሰፈር የለም። ሐሜቱን የሚያበላሽ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈርም የለም። በእናንተም ሰፈር ይኖራል። ሦስት ሆናችሁ ሞቅ ሲላችሁና የአራተኛውን ስም ስታነሡ፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የቆየው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «እሱ በሌለበት?» ይላል። በቃ፣ ጨዋታው ፈረሰ። ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ስለ ዝናብ ማውራት ነው።

በእኛ በባሕር ዳሩ ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ቀበሌ፣ ይህ ማዕረግ የአቶ ሣህሉ ነበር። ክቡርነታቸው ግን ጉሮሮ በመጥረግ ብቻ የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። «ባለጉዳዩ ይጠራ!» ይሉና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን አንሥተው፣ የሚታማውን ሰው ራሳቸው ሄደው ይጠሩታል።

አንድ እሑድ በዕድር ስብሰባ ላይ የድንኳኑን ገመድ ማን አጠፋው ሲባል፣ የአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ስም ተነሣ። አቶ ሣህሉ ወጡ። ስብሰባው ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ምን ያድርግ? ሰውዬውን ከፈረቃው አስፈቅደው፣ ፀጉሩ ከነጥጡ፣ እጁን ይዘው አመጡት።

«ገመዱን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«የቱን ገመድ?» አለ ሰውዬው።

ገመዱ በኋላ ከወሬኛው ከራሱ ግቢ ፍየል ታስሮበት ተገኘ።

በአንድ ሠርግ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ አክስት ስለ ሙሽራው እናት ክፉ ስትናገር ሰሙና፣ እናትየዋን ከጓዳ አስጠርተው ፊት ለፊቷ አስቀመጡላት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ወዲህ አይነጋገሩም። አቶ ሣህሉ ግን «ቢያንስ በግልጽ ነው የተጣሉት» ብለው ይጽናናሉ።

ቤታቸውም ከዚህ አላመለጠም። ሚስታቸው እትዬ ባንቺአየሁ አንድ ቀን «የጠበስሁትን የቆሮሶ ዓሣ ይኼ ውሻ በላብኝ!» ብለው ጮኹ።

«ይጠራ!»

ውሻው ተጠርቶ መጣ። ጅራቱን ቆላ።

«እዩት፣ አያፍርም እኮ!» አሉ እትዬ ባንቺአየሁ።

«ጥፋተኛ ቢሆን ያፍር ነበር። ድመቷስ የት አለች?»

«አንተን ያገባሁ ዕለት ነበር መጠራት የነበረብኝ! ያኔ ማን ጠየቀኝ?»

መንግሥት በየቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ሲያቋቁምና ዳኞቹ እጅ በማውጣት ሲመረጡ፣ ሰፈሩ በሙሉ ለአቶ ሣህሉ እጁን አወጣ። ገሚሱ ስለሚያምናቸው ነው። ገሚሱ ደግሞ ሥራ ቢይዙ ከጨዋታችን ዘወር ይሉልናል ብሎ ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥቡ አልበቃኝ ብሎ፣ ከአጥራቸው ጎን በተከራየኋት ክፍል መጽሐፍ ሳገላብጥ የማድር ሰው ነበርሁ። የማነበው ሁሉ ምንጩን ይጠቅሳል፤ የአቶ ሣህሉ ሕግ ምንጭ የት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ወይም ሁሉም ያውቃል። ለመሪጌታው የነገሯቸው «እግዚአብሔር በለሱን ማን እንደበላ ጠፍቶት ነው? ያውቃል። ግን ‹አዳም ወዴት ነህ?› ብሎ ጠራው። ሳይጠይቅ አላባረረውም» ብለው ነው። ለጡረተኛው ፖሊስ «የሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው» ብለውታል። የቀበሌው ካድሬ ጓድ አንዳርጋቸው ሲጠይቃቸው ደግሞ «ሰፊው ሕዝብ አስተማረኝ። ሰፊው ሕዝብ በሌለበት ስሙ ሲነሣ ደስ አይለውም» አሉት፤ አንዳርጋቸውም ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ለሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት» አልኋቸው አንድ ቀን በአጥሩ ላይ። «የትኛው ነው እውነቱ?»

«ጣና ውስጥ ስንት ወንዝ ይገባል?»

«ብዙ ነው።»

«አንተ ስትጠጣ የትኛውን ነው የምትጠጣው?»

ከወጥ ቤቱ የእትዬ ባንቺአየሁ ድምፅ መጣ፦ «አትስማው! እናቱ ናት! ልጅ ሆኖ ደቅ ደሴት ላይ ሳለ ሳትጠይቅ ትገርፈው ነበር። ይኸው የእሷን ዕዳ እኔ ላይ ይወጣል!»

አቶ ሣህሉ አልካዱም። «እሷም አንዷ ወንዝ ናት» አሉ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ቀበሌው ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ወጣት አምጣ ይባል ጀመር። በስብሰባ ቀን የቀበሌው ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሰ መኪና ይቆማል፤ ለስብሰባ የገባ ወጣት በዚያው ይጫናል። ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን የሺአረግ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ አስናቀ ይባላል። ደቅ ደሴት ወዳለችው እህቷ ላከችው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም አያወራም። ያለ አቶ ሣህሉ ከልካይነት ሐሜት ያቆምነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዳለ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር አንድ ትልቅ መረብ ጠፋ። የማኅበሩ ዕቃ ጠባቂ አዘዘ፣ መረቡ በእጁ የጠፋበት ሰው፣ «አስናቀ ነው የወሰደው። ባይወስደው ለምን ይጠፋል?» ብሎ ለሸንጎው ከሰሰ። ሁለቱ ሌሎች ዳኞች ነገሩ ገብቷቸዋል።

«በሌለበት ፈርደን እንገላገል» አሉ።

«ባለጉዳዩ ይጠራ!» አሉ አቶ ሣህሉ።

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው «ጋሼ፣ መኪናው...» ብሎ ጀመረና ተወው። አቶ ሣህሉ ግን ሞኝ አልነበሩም። ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጓድ አንዳርጋቸው ቢሮ ሄዱ። እኔ የአከራዬን የስኳር ራሽን ልቀበል በረንዳው ላይ ተሰልፌ ነበርና ሰማሁ።

«ጓድ፣ ለሸንጎ የተጠራ ሰው በሰላም ይመጣል፤ በሰላም ይመለሳል። ይህ ከአባቶቻችን ጀምሮ ያለ ነገር ነው።»

«ሸንጎ ፊት እስካለ ማንም አይነካውም» አለ አንዳርጋቸው።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው፣ ጓድ ሣህሉ።»

መልእክቱ በታንኳ ደቅ ደረሰ። አስናቀ ለማንም ሌላ ሰው አይመጣም ነበር። «አቶ ሣህሉ ከጠሩኝማ ይሰሙኛል» ብሎ፣ የደሴቲቱን ቄስ ምስክር ይዞ፣ በጠዋት መጣ። እናቱ እንኳ መምጣቱን አልሰማችም።

እኔ እንዳልያዝ ከመንገድ በኩል በአዳራሹ መስኮት ነበር የማየው። በሸንጎው አቶ ሣህሉ እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ ለተከሳሹ በርጩማ ሰጡት።

«መረቡ ሲጠፋ የአክስቴን ዳጉሳ እያጨድሁ ነበር» አለ አስናቀ። ቄሱም መሰከሩለት።

አቶ ሣህሉ ወደ አዘዘ ዞሩ። «ሲወስደው አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን እሱ ነው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

«እንግዲያስ ሰው ይጠራ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አዘዘ አፍሮ መሬት መሬት አየ። «እንግዲህ... የዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ጎትቶትም ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። ሸንጎው አስናቀን ነጻ ብሎ አሰናበተው። ሰው አጨበጨበ። አቶ ሣህሉን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሁለት ጊዜ ጠረጉት።

መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። አስናቀ ከበሩ ደፍ እንደ ወረደ ሁለት ታጣቂዎች ክንዱን ያዙት።

«ቃልህስ?» አሉ አቶ ሣህሉ። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር።

አንዳርጋቸው አልተቆጣም። ከልቡ የገረመው ይመስል ነበር። «ጠብቄአለሁ እኮ። ሸንጎ ፊት እያለ ነካሁት? አሁን ነጻ ብላችሁታል፤ የሸንጎ ሰው አይደለም። ጥፋተኛ ብትሉት ኖሮ የእናንተ እስረኛ ነበር፤ ማን ይነካው ነበር?»

ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ነው የተናገሩት። የአቶ ሣህሉ ቃል ከኦሪትም፣ ከሕጉም፣ ከእናታቸው አለንጋም የመጣ ነው። የአንዳርጋቸው ከአንድ ሰርኩላር የመጣ ነው፤ ሌላ ሰርኩላር ሲመጣ ይሻራል። አቶ ሣህሉ ሰው ሁሉ ከአንድ ሐይቅ የሚጠጣ መስሏቸው ነበር።

መኪናው ሲንቀሳቀስ አስናቀ ከሸራው ሥር አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦ «አቶ ሣህሉ! ለእናቴ ነጻ ወጣ ብለው ይንገሩልኝ!»

ነገሯት። ከሸንጎው ተከትያቸው ሄጄ የጠላ ቤቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዘራቸውን በር ላይ ትተው ገቡና ቆሙ።

«የሺአረግ፣ አስናቀ ነጻ ወጥቷል።»

«ከምኑ?» አለች፤ ከዚያ ፊታቸውን አየች። «የታለ?»

አቶ ሣህሉ የነጠላቸውን ጥለት ያፍተለትሉ ጀመር። እሷ አልጮኸችም። ጣሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ሌባ ቢሉልኝ ኖሮ» አለች። «ምን ነበረብዎት? ሌባ ይታሰራል፤ ስንቅ አመላልስለት ነበር። ታስሮ ይፈታል። ሌባ ልጅ ቤቱ ይገባል።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ሣህሉ «ባለጉዳዩ ይጠራ» ሲሉ የሰማቸው የለም። ከዳኝነቱ ልውጣ ቢሉ ቀበሌው አልለቀቃቸውም። ዕድር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ በአጠገባቸው ተቀምጠን ያሻንን ሰው አማን። የሚከለክለን ጠፋ። እንዲያው ሰው አንዱን አምቶ ሲጨርስ አቶ ሣህሉን ቀና ብሎ ያያል፤ እሳቸው የነጠላቸውን ጥለት እያፍተለተሉ ወደ ሐይቁ ያያሉ። ሐሜቱም ጣዕም አጣ። በግማሽ እየተውነው እንበተን ጀመር።

በዓመቱ የቀበሌው አዳራሽ መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ ተገኘ። እኔ አልሰበርሁም፤ ማን እንደሰበረውም አላውቅም። ጥበቃው ግን «ያ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የማያጠፋው ልጅ ነው» ብሎ ጠረጠረኝ። ተከራይ ስለሆንሁ እስከዚያ ቀን በቀበሌው መዝገብ አልነበርሁም። ጓድ አንዳርጋቸው ስሜን ሲሰማ ዕድሜዬን ጠየቀ። ከዚያም ወደ አቶ ሣህሉ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እርስዎ እንደሚሉት ነዋ፣ ጓድ ሣህሉ። ባለጉዳዩ ይጠራ!»

«አያስፈልግም» አሉ አቶ ሣህሉ።

ሁለቱ ዳኞች ደንግጠው አዩአቸው። አቶ ሣህሉ ተነሡና ፈረዱ፦ ተከሳሹ በሌለበት ጥፋተኛ ነው፤ ለአንድ ዓመት ወደ ቀበሌው ግቢም ሆነ ወደ ማንኛውም የሕዝብ ስብሰባ ዝር እንዳይል።

«ይኼ ምኑ ነው ቅጣቱ?» አለ አንዳርጋቸው።

«ከባድ ቅጣት ነው፣ ጓድ። ከሰፊው ሕዝብ መነጠል ነው።»

«ቢያንስ መጥቶ ፍርዱን ይስማ!»

«እንዴት አድርጎ ይመጣል? እንዳይመጣ ፈረድንበት እኮ።»

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእትዬ ባንቺአየሁ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ጠርተውኝ፣ እንደ ተፈረደብኝ ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ።

«ሳይሰሙኝ? አቶ ሣህሉ? እሄዳለሁ፣ ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ!»

«ዝም በል፣ አንተ ደረቅ! መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ይኼን ሁሉ መጽሐፍ የምታነበው ለምኑ ነው?» አሉና ጥቂት ቆሎ በእራፊ ጨርቅ ቋጥረው በቀዳዳው አቀበሉኝ። «አሁኑኑ ዘንዘልማ፣ እህቴ ዘንድ ትሄዳለህ። ሰው ከጠየቀህ ተባርሬ ነው በል። አንገትህንም ደፋ አድርግ፤ ጥፋተኛ ምሰል።»

ዘንዘልማ ከእህታቸው ቤት ስበላ ስጠጣ፣ ጤፍ ሳርም ወራት ቆየሁ። ተመልሼ ባሕር ዳር ስገባ አቶ ሣህሉን ወደቡ ላይ አገኘኋቸው፤ የጎርጎራዋ ጀልባ ገብታ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያዩ ነበር። የሚጠብቁት ሰው በዚያች ጀልባ ሊመጣ እንደማይችል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አጠገባቸው ቆምሁ።

«ጋሼ፣ መስታወቱን አልሰበርሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ሳይሰሙኝ ፈረዱብኝ።»

«ፈረድሁብህ።» የመጨረሻው ሰው ከጀልባዋ ሲወርድ ወደ እኔ ዞሩ። «ሠላሳ ሊሞላህ ስንት ዓመት ቀረህ?»

«ስምንት።»

«እንግዲያስ ያኔ ይግባኝ በል። ሳትሰማ የተፈረደብህ ነህና ታሸንፋለህ። እኔም ቀርቤ አዎ፣ በደልሁት እላለሁ።»

ስምንቱ ዓመት አለፈ። ሸንጎው ፈርሷል፣ ጓድ አንዳርጋቸው የት እንደገባ አይታወቅም። አስናቀ በወረቀት ላይ ንጹሕ ሰው ነው፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ በሯን ሳትቀረቅር ታድራለች። እኔ በወረቀት ላይ መስታወት ሰባሪ ነኝ፤ ይኸው ተቀምጬ እጽፋለሁ። አቶ ሣህሉ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ግን በድምፄ ይለዩኝና በከዘራቸው ያስቆሙኛል።

«እህሳ፣ ይግባኙ? ሠላሳ አልሞላህም?»

«ገና ነው፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። ባለፈው መስከረም ሞልቶኛል።