ሐይቅ ዳር የጾምናት ዓርብ

ለማየት ሰው ብር ይከፍላል? ዓይኔ የራሴ፣ ሐይቁ የእግዜር። ይህን ያልኩት ማኅበር ላይ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ይህን በማለቴ ነው።

የማኅበራችን አባል የሺ፣ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ልጇ ባሕር ዳር ወስዷት ሐይቅ ዳር ካለ ውድ ሆቴል አንድ ቀን ዋለች። የዋለችው አንድ ቀን፣ ወሬው ግን ጾሙን አጋመሰ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የዚያን ሆቴል ወንበር ልስላሴ ያልሰማ ጆሮ የለም። «ሂሳቡስ አይወራም» ትላለች፤ ብላ ታወራዋለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኔ ሰባራ ሳንቲም ሳላወጣ እዚያው ወንበር ላይ ውዬ እመጣለሁ አልኩ። ካቃተኝ ቀጣዩን ማኅበር ያለ ተራዬ ልደግስ፤ ከቻልኩ የሺ ትደግስ። የንስሐ አባታችን መምሬም ጥግ ላይ ሆነው ሰምተዋል። በዛሬ የጤፍ ዋጋ ድግስ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ለእናንተ አልነግርም።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ዓርብ እንሄዳለን፤ ታዛቢ እንድትሆን ጎረቤቴ ትሁኔም አብራኝ ትሄዳለች። አስተናጋጁ ሲመጣ «ጾመኞች ነን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስ» እንላለን። ጾመኛን ከወንበር የሚያስነሳ ማን ክርስቲያን ነው? ዘጠኝ ሲሞላ ብድግ፣ ስንቃችንን መንገድ ላይ። መኪናው የወንድሜ አይሱዙ ነው። እስኪመቸው ስንጠብቅ ፋሲካ አለፈ፤ አንድ ዓርብ ከቡሬ በርበሬ ጫነና ጋቢና ገባን። ባሕር ዳር እስክንደርስ አስነጠስን።

ሆቴሉ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ማንበብ ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው፤ የማላነበውንም የምመርጠው እኔ ነኝ። ስንቁን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ።

ወንበሩ እውነትም ለስላሳ ነው። የሺ አልዋሸችም፤ ይህ አናደደኝ። ሐይቁ ተዘርግቷል፣ ነጫጭ ወፎች እንደ ጀልባ ይንሳፈፋሉ። አስተናጋጁ ከረባት ያሰረ፣ ሸበት ያለ ጎልማሳ ነው። ጾመኞች ነን ብንለው እጅ ነስቶ ሄደ። ትሁኔ «ገነት ማለት ይህ ነው፤ ተቀምጦ አለመታዘዝ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ሌላው እንግዳ እንዳይሰማ ጎንበስ አለና፣

«እትዬ፣ ይቅርታዎን፤ በዓለ ሃምሳ ላይ አይደለንም እንዴ?» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ዘዴውን ያወጣሁት በዓቢይ ጾም ነበር፤ ጾሙ ተፈታ፣ ዘዴው ሳይፈታ ቀረ።

ትሁኔ «የስእለት ነው» ብላ ዘላ ገባች። ሰውየው ሽንዲ ከተማ ዲቁና ተምሯል ለካ፤ ስእለትም ቢሆን በሃምሳው አይፈቀድም አለ። ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ ነጠላዬ አዞረ።

«በቅቤ የታሸ በሶ ነው?»

እጄ በዓለ ሃምሳ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ የረሳው ምላሴ ነው። ሊያስወጣን ነው ብዬ ነጠላዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ድምፁን የባሰ ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ቢያስቀምሱኝ ነውር ይሆንብኛል?» አለ። ስንት ዘመን የሰው ፓስታ ተሸክሞ ሲዞር፣ በሶ በዓይኑ ላይ ሲዞር ኖሯል ለካ።

ቆንጥሬ ሰጠሁት። ወጥ ቤት ደርሶ ሲመለስ ወጥ ሠሪዋን አስከትሎ መጣ፤ የአዴት ሰው ነኝ አለች። ከዚያ ዘበኛው፣ ያ ሰሌዳ የተሰቀለበትን በር የሚጠብቀው፣ መዳፉን ዘርግቶ መጣ። አስተናጋጁ ውለታው ከብዶት ሻይ ልጋብዛችሁ አለ። ምራቄን ውጬ «ስእለት» አልኩ። ምን ላድርግ? ውሸት አንዴ ከወለዱት ማሳደግ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስንቁ ከረጢት ባዶ ነበር። በባዶ አይሱዙ፣ በባዶ ሆድ ተመለስን።

በማኅበሩ ቀን ትሁኔ አንድ ሳንቲም እንዳላወጣሁ መሰከረች። የሺ ፊቷ ጠቆረ፤ «እሺ፣ እደግሳለሁ» አለች። እዚህ ላይ ዝም ብል አልቆ ነበር። ግን «እንዴት ቻልሽው?» አሉኝ። እንዲህ ሲሉኝ ደግሞ አልችልም። ሁሉንም ተረክሁት።

መምሬ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ፣ በሃምሳው ጾምሽ?»

«ኧረ አባ፣ የውሸት ነው።»

«ዋሸሽ?»

«አይ... እህልስ በእርግጥ አልቀመስንም።»

«እንግዲያስ ጾመሻል። በሃምሳው የጾመ ንስሐው ማብላት ነው። ለማኅበሩ ደግሺ።»

የሺ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ እጃቸውን ሳመች። «ድግሱን ለእሷ ለቅቄያለሁ አባ። ወንበር ብቻ ለስላሳ ይሁንልኝ።»

ደገስኩ። ያን ቀን የወጣው ወጪ፣ ሂሳቡስ አይወራም። የሺ ከቤቴ ወንበሮች ለስላሳው ላይ ተቀምጣ ስትበላ፣ ስትጠጣ ዋለች፤ ሰባራ ሳንቲም አላወጣችም። እስካሁን ሰው ሁሉ የእኔን ዘዴ ይጠይቀኛል። የሚጠየቀውስ የእሷ ነበር።