ሲጋራ ትቼ ጠላ ስቀምስ

ሲጋራ የተወ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አፍንጫው እንደ አዲስ ሹም ሁሉን ካልመረመርኩ ይላል። እኔም ከተውኩ ወዲህ ሳሌ ጠፍቶ፣ የሰቆጣን ዳገት ሳላርፍ ስወጣ የእርጥብ አፈርና የማር ሽታ እንደ ሕልም ይከተለኝ ጀመር።

ታዲያ የሚካኤል ማኅበር ተራችን ደርሶ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ጠላውን አስቀመሰችኝ። ሠላሳ ዓመት «ግሩም ነው» ያልኩት ጠላ እንደ እሬት መረረኝ! ልዋሽ? ወይስ በስተርጅና ትዳሬን ላፍርስ?

«ጌሾው በዝቷል» አልኳት አንገቴን ደፍቼ።

«ተመስገን!» ብላ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ጭሱ ምላስህን ገድሎት፣ ካልመረረ ‹ውሃ ነው› ትለኝ ነበር እኮ። ለአንተ ብዬ ነው የማበዛው። ማኅበርተኛውም ስለ አንተ ሲል ይኸው ሠላሳ ዓመት ችሎ ጠጣ።»

ሰዎቹ እየገቡ ነው። እናንተዬ፣ በምን ዓይኔ ልያቸው?