የሰው መዝጊያ በሰው ምንሽር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አብሯችሁ ያረጀ ሰው የቱ ጋ እንደበላችሁ ታውቃላችሁ? ጣታችሁን አሳርፋችሁ «እዚህ ጋ» ማለት ትችላላችሁ? አትችሉም። እኔም አልችልም። ብረት ግን ይችላል። ይህን ያየሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው፤ እስካሁን ይደንቀኛል።

እኛ ወሎዎች ጠብን የምናሳድርበት ዘዴ አለን። ሁለት ቤት ደም ሲቃባ አስታራቂው ሽማግሌ፣ አበጋሩ፣ ጠመንጃ አይቀማም። ጠመንጃውን የተቀማ ሰው ሌላ ይፈልጋላ! የሚወስደው መዝጊያውን ብቻ ነው፤ ጥይቱን ከኋላ አፍኖ የሚይዘውን ብረት። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ክብር አለ፣ ሞት የለም።

አባቴና የይማም አባት በወሰን ተጣልተው ሰው ሲሞት የሁለቱም ቤት ምንሽር እንዲሁ ተደረገ። ደሙ እንዲደርቅ ደግሞ እኔ ለይማም ልዳር ተባለ። ወሰኑ ስንት ጊዜ ተለክቷል፤ እኔን ግን አንድ ጊዜ እንኳ የጠየቀኝ የለም። ጠፍቼ ካርቱም ገባሁ፣ እዚያው አረጀሁ። እርቁ ፈረሰ። መዝጊያዎቹም አበጋሩ ቤት ቀሩ።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ሰይድና ይማም ሊታረቁ ነውና ነይ ተባልሁ፤ መጣሁ። የድሮው አበጋር ስላለፉ መዝጊያዎቹን የመለሰው ልጃቸው ነው። በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው አገኛቸው፤ አንዱን ለዚህ፣ አንዱን ለዚያ ሰጠ። ሁለቱም ገቡ። «አያችሁ፣ ብረቱም ታረቀ!» አለ። አሚን ተባለ። ጁምዓ ዕለት ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ሰማይ እንዲተኩሱ ተቀጠረ።

ሰይድ ግን መዝጊያው ሻካራ ሆነበት። ሐሙስ ጠዋት ፈቃዱን በኪሱ፣ ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ በሽተኛ አቅፎት፣ ከደሴ ፒያሳ በሚኒባስ ይዞኝ ወረደ። የቶርኖ ቤቱ ጌታ አቶ መኮንን ወፍራምና ጉረኛ ነው። «ከዚህ እስከ ጅቡቲ ብረት የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ተቀበለን። መዝጊያውን አውጥቶ የእጅ ባትሪ ሲያበራበት ጉራው ቀጥ አለ።

«ይሄ የዚህ አይደለም።»

«ገብቷል እኮ!» አለ ሰይድ።

«የጎረቤትህ ጫማም እግርህ ይገባል። በል ሩጥበት!» ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ይዩት።»

አጎንብሼ አየሁ። ሱብሃነላህ! የመዝጊያው ጥርስ በአንድ ጎኑ ተበልቶ እንደ መስተዋት ያበራል። ምንሽሩ ውስጥ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ የተበላው በሌላው ጎን ነው። ሁለቱ ምንሽሮች በአንድ ልክ ተሠርተው፣ በአንድ መርከብ መጥተው ይሆናል፤ የለያያቸው ኑሮ ነው። እያንዳንዱ መዝጊያ ከገዛ ምንሽሩ ጋር ሲፋተግ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሲጠጋለት፣ ለሌላ ለማንም የማይሆን ልክ አወጡ። ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ ትዳር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ግን የለም። በባዕዱ መዝጊያና በጥይቱ መካከል የቀረችው ክፍተት ፀጉር ብታሳልፍ ነው። አቶ መኮንን እንዳለው ግን በዚያች ክፍተት ውስጥ የሰው ዓይን ተቀምጧል፤ ሲተኮስ የጥይቱ ቀልሃ ይቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

የወንድሜ ዓይን ተረፈ። የይማምስ? እሱም ነገ በእኛ መዝጊያ ሊተኩስ ነው።

«ደውልለት» አልሁት።

«እታለም፣ ኔትወርክ የለም።»

ስልኩ እጁ ላይ በዚያው ቅጽበት ጮኸ፤ ሚስቱ ናት፣ ምሳ ትመጡ እንደሆነ ልትጠይቅ። መልሶ ዘጋውና መሬት መሬት አየ። «እሱስ ቢሆን ለኔ ይደውል ነበር?»

አቶ መኮንን ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት አንድ ምንሽር መጥቶልኝ ነበር። ያው በሽታ። ባለቤቱ ይማም ይባላል። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ሄደ።»

የሰይድ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ሌላ የጠብ ዘመን ሲጀመር እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው እያወቀ ዝም ሲል። ስልኩን ነጥቄ ራሴ ደወልሁ።

«ዘሀራ ነኝ። መዝጊያችንን ይዘህ ኮምቦልቻ ና፤ ያንተም እዚህ ነው።»

«ልደውል ነበር» አለ ይማም። «ወላሂ፣ ልደውል ነበር።»

መጣ። ሁለቱ ሰዎች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተለዋወጡ። አቶ መኮንን ዘይት አስነክቶ ሲያስገባቸው ሁለቱም መዝጊያዎች ድምፅ እንኳ አላሰሙም። እንቅልፋም ልጅ እናቱ ጉያ እንደሚገባ ገቡ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ።

ጁምዓ ዕለት ተተኮሰ። ሰማዩም ዓይናቸውም ደህና ነው። ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ተባባለ፤ ሰይድና ይማምም አለቀሱ። የአበጋሩ ልጅ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ ዘሀራ፣ ሁሉም አፉ ተባብሏል። እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

«ልቅራ!» አልሁት። «ለደም ማድረቂያ ስሰጥ የጠየቀኝ አለ? ይማምን አፉ አልልም። ሰይድንም አልልም። አፈር የገቡትን አባቶቻቸውንም፣ የአንተንም አባት ጨምሮ፣ አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።»